ከዱባይ የመጣው የማቅጠኛ ቡና ውስጥ ምን አለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። አንዷ አዲስ አበባ ናት፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ አዳማ። ሁሉም እጃቸው ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነገር ይዘዋል። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት መድኃኒት በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ ፓኬቶችን በእጄ ከፍቼ አይቻለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለነሱ ሰጥቼዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዱባይ ያለችው እህቴ የማቅጠኛ ቡና ላከችልኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሳሼ በሙቅ ውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። በሦስት ሳምንት 5 ኪሎ ቀነስኩ። ምግብ ጭራሽ አያሰኘኝም። ግን ልቤ ይመታል፣ አፌ ይደርቃል፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል የለም። ፓኬቱ ላይ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ይላል። ቡናና አረንጓዴ ሻይ ብቻ ነው የተጻፈው። ጓደኛዬ ከዚያው ካርቶን ጠጥታ ምንም አልሆነችም። ውስጡ ሌላ ነገር ካለ ላቦራቶሪ ያገኘዋል?» (ከገርጂ)

እህቴ፣ ከላቦራቶሪው በፊት ያንቺ ጤና ይቅደም። ቡናውን ዛሬውኑ አቁሚ። ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂና ደም ግፊትሽንና የልብ ምትሽን ተለኪ። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ነገን አትጠብቂ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የድባቴ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ፓኬቱን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የልብ ምት፣ የአፍ መድረቅ፣ እንቅልፍ ማጣት። እነዚህ አራቱ ማቅጠኛ ከጠጣ ሰው አንድ ላይ ሲመጡ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲቡትራሚንን ነው። ሲቡትራሚን ድሮ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። አንጎል ላይ ሠርቶ ሰው ቶሎ የጠገበ እንዲመስለው ያደርጋል። በኋላ ወደ 10,000 የሚጠጉ፣ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሄደ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 11.4 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 10 በመቶው ሃርት አታክን፣ ስትሮክን የመሰለ ከባድ ችግር ገጠማቸው ወይም በዚሁ ሕይወታቸው አለፈ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ለጥቂት ኪሎ ብሎ ማን ይህን ይቀበላል? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ፈቃዱ እንዲታገድ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አሜሪካም ከገበያ ወጣ። ከፋርማሲ መደርደሪያ የወረደው መድኃኒት ግን በ«ተፈጥሯዊ» ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ እስከ ዛሬ ይገኛል።

ላቦራቶሪ ያገኘዋል ወይ? አዎ። እንዴት እንደሚያገኘው ልንገርሽ።

ሳሼው ሲደርሰን ፎቶ እናነሳዋለን። የምርት ቁጥሩን መዝገብ ላይ እናሰፍራለን። ዱቄቱን በደንብ ደባልቀን ጥቂቱን እንመዝናለን፣ ሜታኖል የሚባል አልኮል እናፈስበታለን። ከዚያ በድምፅ ሞገድ በሚንቀጠቀጥ ውሃ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። መድኃኒት ካለበት ከዱቄቱ ወጥቶ ወደ ሜታኖሉ ይገባል። በዚህ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ቡና ቡና ይሸታል። አጥልለን በትንሽ ብልቃጥ ለማሽኑ እንሰጠዋለን። ኤችፒኤልሲ ይባላል። ውስጡ በደቃቅ ብናኝ የታጨቀ፣ ስንዝር የማይሞላ የብረት ቱቦ አለ። ፈሳሹ በከፍተኛ ግፊት ሲያልፍበት ንጥረ ነገሮቹ ይለያያሉ። አንዱ ቶሎ ያልፋል፣ አንዱ ብናኙ ላይ ተይዞ ይዘገያል። ሲወጡ ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ይቆማሉ። እኛ ፒክ እንላቸዋለን።

የመጀመሪያዬ የማቅጠኛ ቡና ትዝ ይለኛል። ቡና ለመርማሪ አስቸጋሪ ነው። በውስጡ የማይወጣ ነገር የለም። ስለዚህ ንጹሕ መሆኑን የማምንበት ቡና ለማወዳደሪያ አስፈለገኝ። ማታ ቤት ገብቼ ባለቤቴን ቡና አስቆላኋት። የሲዳማ ቡና ነበር። ጥቂቱን ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ይዤ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን ልኩን የማውቀው ሲቡትራሚን ጨምሬበት ወደ ማሽኑ አስገባሁ። ሁለቱም ላይ መጀመሪያ የካፌይን ትልቅ ፒክ መጣ፣ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ የባለቤቴ ቡና መስመሩ ጋደም ብሎ ቀረ። የጨመርኩበት ላይ ግን ዘግየት ብሎ አንድ ቀጭን ፒክ ቆመ። ሦስተኛ የሳሼውን አስገባሁ። በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው ቦታ ፒኩ ቆመ። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ዝም ብዬ አየሁት። የማስበው ስንት ሰው ጠዋት ጠዋት ይህን እየጠጣ እንደሆነ ነበር።

አንድ ፒክ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። በአንድ ደቂቃ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር እንሄዳለን። የሞለኪውል ሚዛን ነው ብለሽ አስቢው። ሲቡትራሚን እዚያ 280 ላይ ይታያል። አጠገቡ 282 ላይ ትንሽ ወንድም አለው፣ ቁመቱ የትልቁን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ይህ የሆነው ሲቡትራሚን ውስጥ ክሎሪን ስላለ ነው። ክሎሪን በተፈጥሮው በሁለት ክብደት ይመጣል፣ ሦስቱ ቀላል ሲሆን አንዱ ከባድ። ከዚያ ማሽኑ ሞለኪውሉን ይሰብረዋል፣ 125 ላይ የታወቀ ስባሪ ይወጣል። ደቂቃው፣ ክብደቱ፣ ጥንዱና ስባሪው ከንጹሕ ማመሳከሪያው ጋር ሲገጥሙ ያኔ ስማችንን እንፈርማለን።

የጓደኛሽ ነገር ደግሞ አይግረምሽ። ትክክለኛ ፋብሪካ መድኃኒት ሲሠራ እያንዳንዱ ክኒን እኩል እንዲይዝ ይለፋል። መድኃኒት ደብቆ የሚያሽግ ሰው እንዲህ አይለፋም። ስለዚህ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ሳሼዎች አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ሊይዙ ይችላሉ። ሲቡትራሚን በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ የተለመደው መጠን በቀን 10 ሚሊግራም ነበር፣ ቢበዛ 15። ያንቺ ሳሼ ውስጥ ስንት እንዳለ ከማሽኑ በቀር ማንም አይነግርሽም። የሷን ደህና መሆን ዋስትና አታድርጊው።

«እንደምን ሰነበቱ። አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከአንድ ዓመት በፊት አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ለመገጣጠሚያ የሚሆን የዕፅዋት ክኒን ላከላቸው። በሦስተኛው ቀን ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሁላችንም እልል አልን። አሁን ግን ፊታቸው ክብ ሆኗል፣ ሆዳቸው ገፍቷል፣ እጃቸው በትንሽ ነገር ይበልዛል። ስኳር አለብዎት ተባሉ። ክኒኑን ልጣለው?» (ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ አትጣለው። አባትህም በራሳቸው በድንገት እንዳያቆሙ። ለገርጂዋ እህታችን ዛሬውኑ አቁሚ ብያለሁ። ላንተ ሌላ ነገር ማለቴ አይደናግርህ፤ ምክንያት አለኝ።

የነገርከኝ ሁሉ ወደ ስቴሮይድ ይጠቁማል። ዴክሳሜታሶን ወይም ዘመዱ ሊሆን ይችላል። እብጠትን ፈጥኖ ያጠፋል፤ በሦስት ቀን ምርኩዝ ያስጥላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ፊት ያከብባል፣ ቆዳ ያሳሳል፣ ስኳር ያወጣል። ዋናው አደጋ የማይታየው ነው። ከኩላሊታችን በላይ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን የምታመርት እጢ አለች። ስቴሮይድ ከውጭ በየቀኑ ሲገባ እሷ ሥራዋን ትተዋለች። ክኒኑ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ሰውነት ከውስጥም ከውጭም የሚያገኘው የለም። ሰው ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስላቸው ሐኪም ነው። ነገ ዛሬ ሳትል፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ክኒኑን ከነብልቃጡ ይዘህ አብረሃቸው ሂድ። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ የሚቀዳ ደም ኮርቲሶሉ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ክኒኑ ከመመርመሩ በፊት ደማቸው ራሱ ይነግራችኋል። ሰገራቸው የጠቆረ እንደሆነም ጠይቃቸው። እንዲህ ያሉ ክኒኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻም አብሮ ይገኛል። ሁለቱ ተባብረው ጨጓራ ያደማሉ። ጠቁሮ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቅ።

ይህ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ ስለሚባል የመገጣጠሚያ ማሟያ ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ላቦራቶሪው ያልተጻፉ ዴክሳሜታሶንና ዲክሎፌናክ አግኝቶበታል። ያኔም ለተጠቃሚዎች የተነገረው ሐኪም ሳታማክሩ በድንገት አታቁሙ ነው።

ከሥራዬ አንድ ነገር ላጫውትህ። ዴክሳሜታሶን ቤታሜታሶን የሚባል መንታ አለው። ሁለቱም አንድ ዓይነት አቶሞች፣ አንድ ዓይነት ክብደት አላቸው። ልዩነታቸው አንዲት ቅርንጫፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዞሯ ብቻ ነው። ሚዛኑ ላይ ሁለቱም 393 ላይ ይቆማሉ። እዚህ ቦታ የሚያድነን ቱቦው ነው። ፈሳሹን ቀስ አድርገን ስናሳልፍ አንዱ ከሌላው ትንሽ ቀድሞ ይወጣል። ለአባትህ ሕክምና ልዩነቱ ብዙም አያመጣም። ለፊርማችን ግን ያመጣል፣ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላልና።

የአክስትህን ልጅ አትቆጡት። ፍቅር ነው የላከው። ግን ዛሬ ደውልለት፣ ለሌላ ዘመድም ልኮ ሊሆን ይችላል።

«ሰላም ለርስዎ ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ትንሽ የሐበሻ ሱቅ አለኝ። አንድ አከፋፋይ ለወንዶች ጉልበት ይሰጣል የሚባል ማርና ካፕሱል አምጥቶልኛል። ደንበኞች ይጠይቁኛል። ስለ ደህንነቱ ስጠይቀው የላቦራቶሪ ወረቀት አሳየኝ። ሲልደናፊል አልተገኘም ይላል። ይህ አይበቃም?» (ከሜሪላንድ)

አይበቃም፣ ወንድሜ። ጠይቀው ስለጻፉልኝ ግን ከልቤ አመሰግናለሁ።

«አልተገኘም» የምትለዋን ቃል ለብዙ ዓመት ስጽፋት ኖሬያለሁ። ትርጉሟ ጠባብ ነው። እኔ የፈለግኩት ነገር፣ በፈለግኩበት መንገድ፣ በተሰጠኝ ናሙና ውስጥ አልታየኝም ማለት ነው። ሌላ ነገር ስለመኖሩ ግን አትናገርም። መድኃኒት ደባቂዎችም ይህን ያውቃሉ። ሲልደናፊል ማለት የቪያግራ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ «ዕፅዋት» በተባሉ ካፕሱሎች ውስጥ መገኘት ጀመረ። ላቦራቶሪዎች እሱን መፈለግ ሲለምዱ አድራጊዎቹ ሞለኪውሉን ነካ አደረጉት። አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ አስረዘሙ፣ ሆሞሲልደናፊል ተባለ። ሲልደናፊል ሚዛኑ ላይ 475 ነው፣ ይህኛው 489። አሥራ አራት ብቻ ጨመረ። 475ን ብቻ ፈልግ የተባለ ማሽን ግን 489ን አያየውም። ወረቀቱም በሐቅ «ሲልደናፊል አልተገኘም» ይላል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደዚያው ይሠራል፣ እንዲያውም በሰው ላይ ተሞክሮ የማያውቅ ነገር ነው።

እኛስ እንዴት እንይዘዋለን? በስባሪው። የሲልደናፊል ዘመዶች ብዙዎቹ ሲሰበሩ አንድ ዓይነት ቁርጥራጭ ይወጣቸዋል፣ 283 እና 311 ላይ። ስለዚህ ሙሉውን ስም ትተን ቁርጥራጩን እንፈልጋለን። ልጁን ባናውቀው በአያቱ መልክ እንደምንለየው ነው። ፈጽሞ አዲስ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አቶሞቹ እንዴት እንደተያያዙ የሚያሳይ ኤንኤምአር የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል። እሱ ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል። ሌላም ተንኮል አለ። ዱቄቱ ንጹሕ ሆኖ መድኃኒቱ የካፕሱሉ ቆዳ ላይ የተገኘበት ጊዜ አለ። ዱቄቱን ብቻ አራግፎ የመረመረ ሰው ያልፈዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የልብ ሕመም ያለባቸው ደንበኞች ሊኖሩዎት ስለሚችሉ ነው። ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊል ወይም ዘመዱን ከጨመረበት ደም ግፊቱ ወለል ድረስ ይወርዳል። ያ ሰው ማር በላሁ ነው የሚለው። ዶክተሩም ማር ውስጥ መድኃኒት አለ ብሎ አይጠረጥርም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር የሆነውን ልጨምር። ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ስኳራቸው አለቅጥ ወርዶ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። በአምስት ወር ገደማ 150 ደረሱ። 149ኙ ወንዶች ነበሩ። ሐኪሞቹ ደምና ሽንታቸውን አስመረመሩ። በ127ቱ ግሊቤንክላማይድ ተገኘ። ይህ የስኳር ሕመምተኞች ስኳራቸውን ለማውረድ የሚወስዱት ክኒን ነው። ምንጩ ሲፈለግ በሕገወጥ መንገድ የሚሸጡ የወንድ ጉልበት ካፕሱሎች ተገኙ። አንዱ ክኒን እስከ 100 ሚሊግራም ይዞ ነበር። ፋርማሲ የሚሸጠው የግሊቤንክላማይድ ክኒን 5 ሚሊግራም ነው። ሰባት ሰዎች ከኮማ ሳይወጡ ቀሩ፣ ከነሱም አራቱ ሞቱ። ብዙዎቹ ምን እንደወሰዱ ለሐኪም አልተናገሩም፤ ሐፍረት ያዛቸው። እነዚያን ካፕሱሎች ሲልደናፊል ብቻ እየፈለገ የሚመረምር ሰው ገዳዩን ነገር አያየውም ነበር።

እርስዎ ባሉበት አገር ደግሞ ማሟያ ለመሸጥ ከመንግሥት ቅድሚያ ፈቃድ አያስፈልግም። መንግሥት የሚደርሰው ከተሸጠ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ያሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያዎች ሲጠኑ 776 ምርቶች ያልተጻፈ መድኃኒት ተገኝቶባቸዋል። ከነሱ 353ቱ የወንድ ጉልበት ተብለው የሚሸጡ ነበሩ፣ 317ቱ ማቅጠኛዎች። በ2022 ደግሞ አስተዳደሩ ማር ሻጮችን በስም አስጠንቅቋል።

አከፋፋዩን ይጠይቁት። ናሙናውን ለላቦራቶሪው ያስገባው ማነው? ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር እጅዎ ላይ ካለው ካርቶን ጋር አንድ ነው? ላቦራቶሪው አይኤስኦ 17025 የሚባለው የላቦራቶሪ ብቃት ማረጋገጫ አለው? የተፈለጉት ንጥረ ነገሮች ዝርዝር የት አለ? የሲልደናፊል ዓይነት ሥራ ያለው ታዳላፊልስ ዝርዝሩ ውስጥ አለ? ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሠራል እየተባለ የሚሸጥ ማር ከሆነ ግን እኔ ወረቀቱንም አላነብም። ማር እንዲህ አይሠራም። አይሽጡት።

«ጋሼ፣ የማቅጠኛ ሻይ እኔ ራሴ ቤቴ ውስጥ መመርመር እችላለሁ? ኢንተርኔት ላይ ቀለም የሚቀይር ነገር አየሁ።» (ከአዳማ)

ያየሽው ምናልባት ፌኖልፍታሊን ነው። ድሮ ሆድ ማስለቀቂያ ነበር። በእንስሳት ላይ ካንሰር ሲያስከትል ስለታየ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡ ቀረ። ማቅጠኛዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሲቡትራሚን ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ጠብታ ካስቲክ ሶዳ ስናደርግበት ወዲያው ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ተማሪዎች ሲያዩት ይጮኻሉ። ሻይሽ ሮዝ ባይሆን ግን ያወቅሽው ስለ ፌኖልፍታሊን ብቻ ነው። ሲቡትራሚን ቀለም አይቀይርም። ካስቲክ ሶዳ ደግሞ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ልጆች ባሉበት ቤት እንዳትሞክሪው።

ቤት ውስጥ የምትሠሪው ሌላ ሥራ አለ። ሻይውን ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጪው። ከነፓኬቱ፣ ከነካርቶኑ አስቀምጪው፣ የምርት ቁጥሩ እንዳይቀደድ። ያልተከፈተ ካለሽ እሱን አትንኪው፣ ለመርማሪ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ከማን እንደገዛሽ፣ መቼ መጠጣት እንደጀመርሽ፣ ምን እንደተሰማሽ ጻፊ። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ደውይ። የገርጂዋም እህቴ፣ የባሕር ዳሩም ወንድሜ እንደዚሁ አድርጉ።